መንጠቆው ውሃ ሳይነካ፦ በፖቶማክ ዙሪያ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው የሕግና የቢላ መመሪያ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ቅዳሜ ማለዳ ዘንግዎንና የበረዶ ሳጥንዎን ጭነው ሲነሱ፣ በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ የሦስት አስተዳደሮች ሕግ ይጠብቅዎታል፤ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዋሽንግተን ዲሲ። አንዱ ጋ የተፈቀደው ሌላው ጋ ያስቀጣል። አጠገብዎ የቆመው ሰው ስለያዘ ብቻ እርስዎም ይዘው መሄድ አይችሉም። ይህ መመሪያ ከቤት ከመነሳትዎ አንስቶ ዓሣው ድስት እስኪገባ ድረስ ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳይዎታል።

አስቀድሞ ግን ሕጉ ለምን እንደወጣ እንረዳ። ጣና ላይ የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በሳይንስ ላቤዮባርበስ የሚባሉት፣ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉት የጣና ዓሦች በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጡ መረቡ ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ኢትዮጵያም በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አወጣች። እዚህ ቼሳፒክ ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር። ሜሪላንዶች ሮክፊሽ የሚሉት ስትራይፕድ ባስ በማለቁ፣ ሜሪላንድ ከ1985 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ ማጥመዱን ጨርሳ ከለከለች፤ የተፈቀደው በ1990 ነው። በእነዚያ ዓመታት የተረፉት እናት ዓሦች ዘራቸውን መለሱ። በሕጉ ላይ የሚያዩት ቁጥር ሁሉ ከእንዲህ ያለ ታሪክ የመጣ ነው፤ የእርስዎን ድርሻ ለይቶ ለነገ የሚቀረውን ያስቀምጣል።

ደረጃ 1፦ ውሃው የማን እንደሆነ ይወቁ

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ የቆሙበት መሬት የማን እንደሆነ አይደለም፤ መንጠቆው የሚወድቅበት ውሃ የማን ነው የሚለው ነው። በ1632 ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ለሜሪላንድ በሰጡት ቻርተር ምክንያት የፖቶማክ ወንዝ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ሆኖ ቀርቷል። ከቼይን ብሪጅ ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ ዊልሰን ድልድይ አካባቢ ያለው ደግሞ የዲሲ ነው። ስለዚህ በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ግራቬሊ ፖይንት ላይ ቢቆሙ፣ እግርዎ ቨርጂኒያ ላይ ሆኖ መንጠቆዎ ዲሲ ውስጥ ይገባል፤ የሚያስፈልግዎም የዲሲ ፈቃድ ነው።

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪዎች የሚያዘወትሩት ጆንስ ፖይንት ፓርክ በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የዲሲ የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ በ1791 የተተከለው እዚያ ነው፤ ሦስቱ አስተዳደሮች በጥቂት እርምጃ ርቀት ይገናኛሉ። መንጠቆዎን ከመጣልዎ በፊት በስልክዎ ካርታ ላይ ድንበሩን አይተው፣ በመግቢያው የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያንብቡ።

ሁለተኛው ጥያቄ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እዚያ ይደርሳል ወይ የሚል ነው። የፖቶማክ ውሃ ዲሲ ላይ ጨው ባይቀምስም፣ ባሕሩ ሲሞላ ከፍ፣ ሲጎድል ዝቅ ይላል። ይህ እንቅስቃሴ ሊትል ፎልስ ድረስ ይዘልቃል። እንዲህ ያለውን ውሃ ሕጉ ታይዳል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ነንታይዳል ይለዋል። ሜሪላንድ ለሁለቱ የተለያየ ፈቃድና የተለያየ ደንብ አላት። ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ቅርብ የሆኑት በዊተን ሪጅናል ፓርክ ያለው ፓይን ሌክና ሮክቪል ያለው ሌክ ኒድዉድ ነንታይዳል ናቸው። ለአሌክሳንድሪያ ሰው ደግሞ በአይዘንሃወር ጎዳና ላይ ያለችው ትንሿ ሌክ ኩክና ፌርፋክስ ካውንቲ ያለው በርክ ሌክ በቨርጂኒያ የጨው አልባ ውሃ ፈቃድ ይጠመድባቸዋል።

ደረጃ 2፦ ፈቃድዎን ያውጡ

በሦስቱም ቦታ ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። በሜሪላንድ የሚሰጠው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ በቨርጂኒያ ለጨው አልባ ውሃ የዱር እንስሳት ሀብት መሥሪያ ቤት፣ በዲሲ የኢነርጂና አካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። ሦስቱም በኢንተርኔት ይሸጣሉ፤ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሸጡ ብዙ ሱቆችም ያወጡልዎታል። ነዋሪ ላልሆነ ሰው ዋጋው ይጨምራል።

ከዲሲ በላይ ባለው ዋናው ፖቶማክ ላይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አንዱ የሌላውን ፈቃድ ይቀበላሉ። ይህ መተሳሰብ ግን ወደ ወንዙ የሚገቡትን ገባሮችና ሐይቆችን አይጨምርም፤ የዲሲንም ውሃ አያካትትም። ትራውት የሚባለውን ዓሣ ይዘው ሊሄዱ ካሰቡ፣ ሜሪላንድ በነንታይዳል ውሃ ላይ ተጨማሪ የትራውት ቴምብር ትጠይቃለች።

ልጅዎ ከ16 ዓመት በታች ከሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም። ነገር ግን ዘንጉን ተቀብለው እርስዎ ካጠመዱ አጥማጁ እርስዎ ነዎት። ገና መሞከር ለፈለገ ሰው ሜሪላንድ በጁን ወር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና በጁላይ 4 ያለ ፈቃድ ማጥመድን ትፈቅዳለች። ያን ቀን የሚቀረው የፈቃዱ ወረቀት ብቻ ነው፤ የርዝመትና የቁጥር ደንቡ እንዳለ ይሠራል።

እንግሊዝኛው ከከበደዎት ሳይገባዎት አይፈርሙ። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪው በቋንቋው እንዲያስተናግዱ ያዛል፤ አማርኛ ከዋና ዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሲደውሉ «አማርኛ አስተርጓሚ» ይበሉ። ልመና አይደለም፤ መብትዎ ነው።

ደረጃ 3፦ የደንቡን ሠንጠረዥ ማንበብ ይማሩ

እያንዳንዱ አስተዳደር በየዓመቱ የሚያወጣው መመሪያ ረጅም ቢመስልም፣ ለአንድ ዓሣ የሚጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነው።

ወቅት፦ ይህን ዓሣ ይዞ መሄድ የሚፈቀደው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው?
ርዝመት፦ ከስንት ኢንች ማነስ የለበትም? አንዳንዱ ዓሣ ደግሞ መብለጥም የሌለበት ልክ አለው።
የቀን ልክ፦ አንድ ሰው በአንድ ቀን ስንት ይይዛል?
መሣሪያ፦ በምን ዓይነት መንጠቆና ማባበያ?

የቀን ልኩ የሚቆጠረው በሰው ነው። አምስት ከተፈቀደ አምስቱ የእርስዎ ነው። ለጓደኛዎ ሰጥተው ሌላ አምስት መያዝ፣ ወይም ዘንግ ባልነካ ዘመድ ስም መቁጠር ሕግ መጣስ ነው። በስፖርት ፈቃድ የተያዘ ዓሣም አይሸጥም፤ ለምግብ ቤትም ለጎረቤትም በገንዘብ መስጠት ክልክል ነው።

አሁን በአካባቢያችን በብዛት የሚያጋጥሙትን እንይ።

ላርጅማውዝና ስሞልማውዝ ባስ። በሜሪላንድ ነንታይዳል ውሃ ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ይዘው መሄድ አይችሉም፤ ቢይዙም ይለቃሉ። እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ነውና። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆኖ፣ በቀን 5 ነው። በታይዳል ውሃ ደግሞ በዚያው የጸደይ ወቅት መያዝ ይቻላል፤ ሆኖም ዝቅተኛው ርዝመት ወደ 15 ኢንች ከፍ ይላል። አንድ ዓሣ በአንድ ግዛት ውስጥ እንኳ ሁለት ደንብ እንዳለው ልብ ይበሉ።

ስትራይፕድ ባስ። ከ2024 ጀምሮ በቼሳፒክ ውሃዎች ላይ የተቀመጠው ልክ በቀን 1 ዓሣ፣ ርዝመቱም ከ19 እስከ 24 ኢንች ነው። ትልቁ የሚለቀቀው ብዙ እንቁላል የምትጥለው ትልቋ እናት ስለሆነች ነው። ወቅቱ በየዓመቱ ስለሚቀያየር በሚሄዱበት ሳምንት ያረጋግጡ። በትል ወይም በዓሣ ቁራጭ ሲያጠምዱ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክብ መንጠቆ ግዴታ ነው። ጉሮሮ ውስጥ ሳይገባ ከንፈር ላይ ስለሚይዝ የተለቀቀው ዓሣ በሕይወት ይቆያል።

ሻድና ሄሪንግ። በኤፕሪል ፖቶማክ ዳር ወዳለው ፍሌቸርስ ኮቭ ቢሄዱ ሰዎች በተከታታይ ሻድ ሲያወጡ ያያሉ። አንድም ሰው ግን ይዞ አይሄድም። ሜሪላንድ አሜሪካን ሻድ መያዝን ከ1980 ጀምሮ ከልክላለች፤ ሪቨር ሄሪንግ የሚባሉትም ከ2012 ጀምሮ ክልክል ናቸው። አዲስ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓሣው ስለበዛ የተፈቀደ ይመስላል፤ የበዛው ግን ለመውለድ ከባሕር ስለመጣ ነው። ልክ እንደ ጉማራ ዓሦች።

ትራውት በፔይንት ብራንች። ከሲልቨር ስፕሪንግ በስተ ሰሜን የሚፈሰው ይህ ወንዝ በዋና ከተማው ደጃፍ ራሱን የሚተካ ብራውን ትራውት ይኖርበታል። ከፌርላንድ መንገድ በላይ ያለው ክፍል ይዘው የሚለቁበት ብቻ ነው።

ስኔክሄድ። ከእስያ የመጣ ዓሣ ነው። በ2002 ሜሪላንድ ክሮፍተን ውስጥ በአንድ ኩሬ ተገኘ፤ በ2004 ደግሞ እዚሁ ዊተን ፓይን ሌክ ውስጥና በአሌክሳንድሪያ አቅራቢያ በፖቶማክ ገባሮች ታየ። የሌሎችን ዓሦች ቦታ ስለሚወስድ የቀን ልክም የርዝመት ልክም የለውም፤ ሕጉ እንዲበሉት ያበረታታል። በሕይወት ይዞ መጓጓዝ ግን ከባድ ጥፋት ነው። አየር ስለሚተነፍስ ቆዳው ከረጠበ ከውሃ ውጭ ለረጅም ጊዜ ይኖራል። ስለዚህ እንደያዙት ወዲያው ይግደሉት። ቦውፊን ከሚባለው የአገሩ ዓሣ እንዳይምታታብዎ የታችኛውን የኋላ ክንፉን ይዩ፤ የስኔክሄድ ረጅም ነው፣ የቦውፊን አጭር ነው።

ብሉ ካትፊሽ። የእኛን አምባዛ የሚመስለው ይህ ዓሣ በ1970ዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ወንዞች የገባ ነው። በሜሪላንድ ታይዳል ውሃ የቁጥር ልክ የለውም። ብዙ ሥጋ ለቤቱ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት በስኔክሄድና በብሉ ካትፊሽ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ውሃው ዳር ይለኩ፣ ይወስኑ

መለኪያዎን ከዘንግዎ ጋር ይያዙ። ዓሣውን በጎኑ አስተኝተው፣ አፉን ዘግተው፣ የጅራቱን ሁለት ጫፎች ሰብሰብ አድርገው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ይለኩ። ሩብ ኢንች ቢጎድል ጎደለ ነው። የሚለቁት ከሆነ እጅዎን አርጥበው ይያዙት፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል። መንጠቆው ጉሮሮው ውስጥ ከገባ አይጎትቱ፤ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጠው ይልቀቁት። ዓሣውን ካላወቁት ይልቀቁት።

ፍሌቸርስ ኮቭ፣ ጆንስ ፖይንትና የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳርቻ የብሔራዊ ፓርኮች ይዞታ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ለማባበያ ትል መቆፈር ክልክል ነው፤ ትልዎን ከሱቅ ይግዙ። በግሬት ፎልስና በሊትል ፎልስ መካከል ደግሞ ወደ ውሃው አይግቡ። ላዩ ጸጥ ያለ ቢመስልም ሥሩ ይጎትታል፤ የብዙ ሰው ሕይወት ወስዷል።

ተቆጣጣሪ መጥቶ ፈቃድዎን ቢጠይቅና ሳጥንዎን ልይ ቢልዎ አይደንግጡ። ሥራው ነው። ፈቃድዎን ያሳዩ፣ ሳጥኑን ይክፈቱ። በትክክል ለለካ ሰው ይህ የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 5፦ ጭንቅላትና ጅራቱን ሳይቆርጡ ቤት ያድርሱ

ብዙ ሰው ዓሣውን እዚያው ወንዝ ዳር ገንጥሎ፣ ፊሌቶውን ብቻ ይዞ መመለስ ይወዳል። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። ጭንቅላትና ጅራት የሌለው ዓሣ ርዝመቱም ዓይነቱም አይታወቅም፤ ስለዚህም የርዝመት ልክ ያለውን ዓሣ ሙሉውን ይዞ መገኘት የደንቡ መሠረት ነው። በብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ የዓሣ ትርፍራፊን መሬት ላይ፣ እንዲሁም ከጀልባ ማቆሚያ በ200 ጫማ፣ ማለትም በ61 ሜትር ክልል ውስጥ ባለ ውሃ መጣል ክልክል ነው።

ዓሣውን እንደያዙ ደሙን አፍስሰው በተፈጨ በረዶ መካከል ይቅበሩት። የሚቀልጠው ውሃ እንዲወጣ የሳጥኑን ቀዳዳ ይክፈቱ። ቤት ሲደርሱ ከ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ያቆዩት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሠራ ወደ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ይግባ።

ደረጃ 6፦ ስንት እንደሚበላ ይወቁ

የያዙት ሁሉ ይበላል ማለት አይደለም። ከፋብሪካ ዘመን የቀረ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል በፖቶማክና በአናኮስቲያ ደለል ውስጥ አለ። ከደለሉ ወደ ትናንሽ ፍጥረታት፣ ከእነርሱ ወደ ዓሣ ስብ ይገባል። ስለዚህ ሦስቱም አስተዳደሮች በዓሣ ዓይነትና በውሃ ለይተው፣ በወር ስንት ጊዜ መብላት እንደሚቻል የሚገልጽ የጤና ምክር ያወጣሉ። ዲሲ ጨርሶ አትብሉ ካለቻቸው መካከል ኢልና ካርፕ ይገኙበታል። ረጅም ዕድሜ የኖረ ትልቅ ካትፊሽ ከትንሹ ይልቅ ብዙ መርዝ አከማችቷል፤ ለመብል ትንሹን ይምረጡ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕፃናት ለእነርሱ የተለየውን ጥብቅ ልክ ይከተሉ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ባሉት ቀናት የከተማው ፍሳሽ ወደ ወንዙ ስለሚገባ፣ ያን ጊዜ ማጥመዱን ማቆየት ይሻላል።

ደረጃ 7፦ አጸዳዱ

የሚያስፈልግዎ ቀጭን ስለታም ቢላ፣ ለዓሣ ብቻ የተለየ መክተፊያ፣ ማንኪያና ፒንሳ ነው።

ቅርፊት ያለው ዓሣ። ባሱን በውሃ አርጥበው፣ በቢላው ጀርባ ከጅራት ወደ ጭንቅላት ይፋቁት። ቆዳውን ሊገፉት ከሆነ ግን ይህን ይዝለሉት። ከታች ካለው ቀዳዳ እስከ መንጋጋው ሥር ሆዱን በስሱ ይሰንጥቁ። ቢላው ጠልቆ ከገባ ሐሞቱ ይፈርጥና ሥጋውን መራራ ያደርገዋል። ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን ያውጡ፤ ከአከርካሪው ሥር የተኛውን ጥቁር የደም መስመር በማንኪያ ፍቀው ይጠቡት።

ፊሌቶ ለማውጣት። ከስንጥቡ ክዳን ጀርባ እስከ አከርካሪው ድረስ ይቁረጡ። ከዚያ ቢላውን አጋድመው አጥንቱን እየዳሰሱ ወደ ጅራት ይንሸራተቱ። በሌላውም ጎን ይድገሙት። ሥጋውን ቆዳው ወደ ታች ሆኖ አስቀምጠው የጅራቱን ጫፍ ይያዙ፤ ቢላውን በቆዳውና በሥጋው መካከል ያስገቡና ቆዳውን ወደ ራስዎ ይሳቡ። የጎን አጥንቱን በመጨረሻ ያንሱ።

አምባዛ መሳዩ ካትፊሽ። ቅርፊት የለውም፤ በጀርባውና በሁለቱ የደረት ክንፎቹ ላይ ግን እጅ የሚወጋ እሾህ አለው። ከስንጥቡ ጀርባ ዙሪያውን ቆዳውን ብቻ ቆርጠው፣ ጭንቅላቱን አጥብቀው ይያዙ። ቆዳውን በፒንሳ ይዘው ወደ ጅራት ይግፈፉት።

ስቡን ማስወገድ። ይህን ለመዝለል አይቸኩሉ። ቆዳውን፣ የሆዱን ስብ፣ በጀርባው ላይ ያለውን ስብና በጎኑ የሚሄደውን ቀላ ያለ ጥቁር ሥጋ ቆርጠው ይጣሉ። ፒሲቢ የሚከማቸው እዚያ ነው። በዓሣ ውስጥ የሚገኘው ሌላው መርዝ፣ ሜርኩሪ፣ ግን በሥጋው ውስጥ ስለሚሠራጭ ቢላ አያወጣውም፤ ሎሚና ጨውም አያጥበውም። እርሱን የሚቀንሰው የሚበሉትን መጠን ማሳነስ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ከቢላ ወደ ድስት

አገር ቤት ከነቆዳው የተጠበሰ ሙሉ ዓሣና የጭንቅላት ሾርባ ይወደዳል። ለፖቶማክ ዓሣ ሁለቱንም ይተዉ፤ ስቡና መርዙ በቆዳ፣ በጭንቅላትና በሆድ ዕቃ ውስጥ ነውና። ቆዳው የተገፈፈው ሥጋ ለጉላሽ ወይም በሚጥሚጣና በቃሪያ ለሚሠራ ዱለት ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ስቡ ወደ ታች እንዲንጠባጠብ በፍርግርግ ላይ መጥበስ ነው። የተንጠባጠበውን ለወጥ አይጠቀሙበት፤ የጠበሱበትንም ዘይት ይድፉት።

ጥሬ ሥጋ የለመደ ሰው ይህን ይስማ፦ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ በጥሬው አይበላም፤ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። መሐሉ 63 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ፣ በሹካ ሲነኩት እስኪፈረፈር ይብሰል።

ትርፍራፊውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ቆሻሻ የሚወሰድበት ቀን እስኪደርስ በረዶ ቤት ያቆዩት። ያኔ አፓርታማው አይሸትም፣ ጎረቤትም አይማረርም።

ከቤት ሳይወጡ ራስዎን ይጠይቁ

መንጠቆዬ የሚወድቀው የማን ውሃ ውስጥ ነው? ለዚያ ውሃ ፈቃድ አለኝ? የምፈልገው ዓሣ ዛሬ ተፈቅዷል? ስንት ኢንች፣ ስንት በቀን? መለኪያዬና በረዶዬ ተይዘዋል? የዚህን ዓመት መመሪያ ነው ያየሁት?

ሞንትጎመሪ ካውንቲና ጎንደር ከ2012 ጀምሮ እህትማማች ናቸው። ከጎንደር በታች ጎርጎራ ጣና ዳር አለች፤ የጣና ዓሣ ምን እንደደረሰበት የጎርጎራ ሰው ያውቀዋል። እዚህ የተወለደው ልጃችን ያን ላያይ ይችላል። መለኪያውን ግን ልናስይዘው እንችላለን። 11 ኢንች ተኩል የሆነ ባስ ሲይዝ ዓሣውን በረጠበ እጁ ወደ ውሃው ይመልሰው፤ ግማሽ ኢንቹን ያድግና ሌላ ቀን ይገናኛሉ።